ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው

ቦሰፕ ቆቡን አውልቆ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣
ደጃፌ ላይ ቆመ፣ ወለሉ ላይ አፍጥጦ።
የብየዳው ሽታ ከልብሱ ሳይለቅ፣
ሦስት ገጽ ወረቀት ዘረጋልኝ በጭንቅ።
«አለቃ ፒዮ» አለኝ፣ «ሕጉ ይፈቅዳል፤
ላባትም አንድ ዓመት፤ መንግሥትም ይከፍላል።»
ሕግ አለኝ ይበል እንጂ ድምፁ ሌላ ነበር፣
ደሞዝ ሳይደርስለት እንደሚለምን ብድር።

ሕጉንማ ዐውቃለሁ።
መታጠቢያው በር ላይ አምና ተለጥፏል፤
የሚስቅ አባት አለ፣ ሕፃን ልጅ አዝሏል፤
ከሥሩ ብዙ ዜሮ በቀይ የተጻፈ፣
በውሃ ፍንጥቅታ ጥጉ የተቀረፈ።
ከኛ ክፍል ግን አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም።
ሕጉ ያለው ሴኡል፣ ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ፤
በሁለቱ መካከል የሰው ትዳር ሲናጥ።

በምሳ ሰዓት ላይ ስንቴ ደሰኮርኩኝ፦
«ልጅ በዕድሉ ያድጋል! እስቲ እኔን እዩኝ፤
ሦስት አሳደግሁ፤ ማን አንድ ዎን ሰጠኝ?
የወለድኩት እኔ፣ መንግሥት ምን ሊሆነኝ?»
ይስቁልኝ ነበር። የአለቃ ቀልድ ያስቃል።

ያንኑ ልደግመው አፌን ስከፍት፣
«አማቴ» አለ ቦሰፕ፣ «ልጅቷን እንዳዘሉ
ደረጃው ላይ ወደቁ፤ ‹በቃኝ፣ አልችልም› አሉ።
ሄዎን ሌሊት ነው የምትሠራው፣ ከአዛውንቶች ጋራ።
የልጆች መዋያው ምሽት አንድ ሰዓት ይዘጋል፤
እኔ ከመርከቡ ሆድ የምወጣው በሁለት ነው።
አንዲት ሰዓት ናት፣ አለቃ። አንዲት ሰዓት ብቻ ናት፣
ልጄ ጫማዋን አድርጋ በር በር የምታይባት።
መምህሯ ካፖርት ለብሳ፣ መብራቱን አጥፍታ፣
ቁልፉን እያቃጨለች፣ ሰዓቷን በዝምታ...»
አልጨረሰውም።

አፌን እንደ ከፈትኩ መልሼ ዘጋሁት።
«ሦስት አሳደግሁ» ያልኩት፣ መቼ ነው ያሳደግሁት?
የበየድኳቸውን መርከቦች በስም እጠራለሁ፤
የቱ በየቱ ክረምት ባሕር እንደ ወረደ ዐውቃለሁ፤
የሱክዪ የወተት ጥርስ የወለቀ ለታ ግን፣
ጣራ ላይ ወርውሮ «ወፍ ሆይ፣ አዲሱን ስጫት» ያለው ማን?
ሚስቴ ናት። ብቻዋን። ስትበላ ቆማ፣ ስትተኛ ተቀምጣ።
«ማንም አልረዳኝም» ስል፣ እሷን ማን ልበላት?

ሱክዪ ሠላሳ ሁለት ሞላት፤ ዴጉ ነው ያለችው፤
እሑድ ትደውላለች፣ ስለ አየሩ ነው የምትጠይቀው።
«እዚያ ይዘንባል ወይ?» «ይዘንባል፣ ልጅዬ።»
አንዴ «መውለድስ?» ብላት፣ «በማን ጊዜ፣ አባዬ?»

መሳቢያውን ሳብኩት። የማኅተሙ ፊት ደርቋል፤
ሁለቴ እፍ አልኩበት፣
ሦስቱም ገጽ ላይ ተጫንኩት።
ቦሰፕ አጎነበሰ፣ ግንባሩ ጠረጴዛዬን ሊነካ።
«ተው! የራስህን ነው የሰጠሁህ፣ የኔ አልነበረም ለካ።»

ከሄደ በኋላ ግን፦ ፒንሳውን ማን ይያዝ?
ተተኪ ይቀጠር ብዬ ጻፍኩ፤ «እየታየ ነው» አሉኝ።
የቾልጉን ምሽት ቀምቼ ለቦሰፕ ባድለው፣
ቾልጉም ሁለት ሴት ልጅ አለው፤
ይሄ ምኑ ፍርድ ነው?
ማኅተም መምታት ቀላል ነው፤ ሸክሙ ግን ትከሻ ይሻል።

ረቡዕ ማታ፣ የኮጄ ወደብ በጭጋግ ታፍኖ፣
ጭምብሉን ደፋሁ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ።
እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱም የታዘበኝ መሰለኝ፤
የብየዳው መስመር እንደ ሰከረ ሰው ዞረ።
ተቆጣጣሪው ልጅ፣ እኔው ያስተማርኩት፣ አፍሮ፣ አቀርቅሮ፣
በነጭ ጠመኔ ከበበው፦ «ይደገም»።

ሰዓቴን ባየው ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ይላል።
ጠመኔውን በጓንቴ ጠረግሁና
ደገምኩት።